ቁጭ ብሎ ለሚውል ሰው፦ ወገብ፣ አንገትና እግር እንዳይያዝ

ስራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው። ወገቤን አለ፣ አንገቴን አለ፣ ትከሻዬን አለ፣ የሚመጣውን ሰው ከሕመሙ በፊት የምጠይቀው አዋዋሉን ነው። "ቀኑን እንዴት ነው የምትውለው?" መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ "ቁጭ ብዬ።" ሒሳብ የሚሰራው ቁጭ ብሎ ነው። ኮድ የሚጽፈው፣ መኪና የሚነዳው፣ ልብስ የሚሰፋው፣ ለፈተና የሚያጠናው፣ ሁሉም ቁጭ ብሎ ነው።

"እስቲ እንዴት እንደምትቀመጥ አሳየኝ" ስለው ደግሞ ሁሌም የሚሆነው ያው ነው። ደረቱን ይነፋል፣ ትከሻውን ወደ ኋላ ይስባል፣ ወገቡን ይገትራል። ፎቶ ልነሳ ያለ ይመስላል። ምንም አልለውም። ስለ ስራው፣ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ድሮ ሕመሙ መጠየቄን እቀጥላለሁ። ትንሽ ሳይቆይ ደረቱ ይረግባል። መቀመጫው ወደ ፊት ይንሸራተታል። አገጩ ይወጣል፣ አንድ ክርኑ ጠረጴዛዬ ላይ ያርፋል። ያኔ "በቃ፣ እንዳትነቃነቅ!" እላለሁ። ቀኑን ሙሉ የሚቀመጠው እንደዚያ ነዋ።

ሰው ከኔ የሚጠብቀው "ቀጥ ብለህ ተቀመጥ" የሚል ትዕዛዝ ነው። እሱንማ ከልጅነታችን ጀምሮ ሲነገረን ኖሯል፤ ባለሙያ አይፈልግም። የኔ ነገር ሌላ ነው። ቀጥ ብላችሁም ቢሆን ሶስት ሰዓት ሳትነቃነቁ ከዋላችሁ ይይዛችኋል። ትንሽ ጎበጥ ብላችሁም ቢሆን ቶሎ ቶሎ የምትነሱ ከሆነ ሰውነት ይችለዋል። አከርካሪ የተሰራው ለመታጠፍም፣ ለመዞርም፣ ለመለጠጥም ነው። የማይወደው አንድ ቦታ ተገትሮ መዋልን ነው። ስለዚህ ከወንበሩ በፊት ስለ መነሳት አወራለሁ።

ቁጭ ስንል ውስጣችን ምን ይሆናል?

ከእግር እንጀምር። ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሽቅብ ነው የሚሄደው። ዋናው ገፊ የባት ጡንቻ ነው። ስንራመድ ባት ይኮማተርና በውስጡ ያሉትን የደም መልስ ስሮች ይጨምቃል፤ በስሮቹ ውስጥ ያሉት ቫልቮች ደግሞ ደሙ ተመልሶ እንዳይወርድ ይዘጉበታል። ቁጭ ስንል ባት ስራ ይፈታል። ማታ ጫማ የሚጠበው፣ የካልሲው ላስቲክ ቁርጭምጭሚት ላይ ቀለበት ሰርቶ የሚገኘው ለዚህ ነው።

እብጠት ብቻ ቢሆን ባልከፋ። አንድ ቦታ የተኛ ደም ሊረጋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1940 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ለንደን በቦምብ ስትደበደብ ብዙ ሰው ሌሊቱን በመጠለያ ውስጥ፣ የሸራ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ያድር ነበር። ኪት ሲምፕሰን የተባለ አስከሬን መርማሪ ሐኪም በዚያው ጊዜ በሳንባ የደም ስር ውስጥ በተቀረቀረ የረጋ ደም በድንገት የሚሞተው ሰው መብዛቱን አስተዋለ። የወንበሩ የፊት ጠርዝ ጭንን ከስር እየተጫነ ደሙን ያግደው ነበር። ዛሬ በረጅም በረራ ላይ "እግራችሁን አንቀሳቅሱ" የሚባለው ምክር ከዚህ የራቀ አይደለም። ቢሮ ለሚውል ጤነኛ ሰው ይህ አደጋ ትንሽ ነው። በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት፣ ለነፍሰ ጡር ሴት፣ ከዚህ በፊት ደም ረግቶበት ለሚያውቅ ሰው ግን ትንሽ አይደለም።

ቀጥሎ ስኳር አለ። ከምግብ በኋላ ደም ውስጥ የሚገባውን ስኳር ከሚወስዱት መካከል ትልቁን ድርሻ የያዙት ጡንቻዎች ናቸው፤ ከጡንቻም ትልልቆቹ ያሉት ጭንና መቀመጫ ላይ ነው። እነሱ ሲተኙ ስኳሩ ደም ውስጥ ይቆያል። በ2012 አውስትራሊያ ውስጥ ክብደታቸው ከፍ ያለ ሰዎችን ይዘው የሰሩት ጥናት አለ። በየ20 ደቂቃው ተነስተው 2 ደቂቃ ብቻ ቀስ ብለው የተራመዱ ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ ያለው ስኳራቸው ዝም ብለው ከተቀመጡበት ቀን በሩብ ገደማ ቀነሰ። በ2023 ደግሞ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በየግማሽ ሰዓቱ 5 ደቂቃ መራመድ ከምግብ በኋላ የሚመጣውን የስኳር ጭማሪ በ58 በመቶ እንደቀነሰ አዩ። የደም ግፊትም ወረደ። ተሳታፊዎቹ 11 ብቻ ስለነበሩ ቁጥሩን እንደ ሕግ አልይዘውም። አቅጣጫው ግን ከሌሎቹ ጥናቶች ጋር ይገጥማል።

ስለ ልብ ካነሳን ጄሪ ሞሪስን መዝለል አይቻልም። ይህ የብሪታንያ ሐኪም በ1953 የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሰራተኞች አጥንቶ ነበር። ሾፌሩ ሙሉ ቀን ቁጭ ይላል። ትኬት ቆራጩ ደረጃውን ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። አውቶቡሱ አንድ፣ ከተማው አንድ፣ የልብ ሕመሙ ግን ሾፌሮቹ ላይ በረታ። በኋላ ሾፌሮቹ ድሮውንም ወፍራሞች ነበሩ የሚል ክርክር ተነስቷል፤ ያም ሆኖ ዛሬ ስለ መቀመጥ የምናወራው ሁሉ ከዚያ አውቶቡስ ነው የተነሳው።

ወገብ ላይ ትንሽ ልቆይ። በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ዲስክ በአዋቂ ሰው ውስጥ የራሱ ደም ስር የለውም ማለት ይቻላል። ምግቡን የሚያገኘው ከአካባቢው እየሰረገ በሚገባ ፈሳሽ ነው። ጫናው ከፍ ዝቅ ሲል እንደ ስፖንጅ ፈሳሽ ያስወጣል፣ ፈሳሽ ይስባል። አንድ ቦታ ተጭኖ ከቆየ ይህ ልውውጥ ይዳከማል።

በ1960ዎቹ ስዊድናዊው አልፍ ናኬምሰን በመርፌ ዲስክ ውስጥ ያለውን ግፊት ለክቶ፣ መቀመጥ ከመቆም የበለጠ ዲስክን ይጫናል ብሎ ነበር። ለብዙ ዓመታት ሁላችንም ይህንን ስንደግም ኖርን። በ1999 ግን ጀርመኖች በአንድ ፈቃደኛ ሰው ዲስክ ውስጥ መለኪያ ቀብረው ሲያዩ፣ ሲቀመጥ የነበረው ግፊት ቆሞ ከነበረው እምብዛም አይለይም። ወንበር ላይ ወደ ኋላ ተደግፎ ዘና ሲልማ ጭራሽ ቀነሰ። እናም "መቀመጥ ዲስክ ያፈርሳል" የሚላችሁ ካለ አትደንግጡ። ወደ ኋላ መደገፍም ስንፍና አይደለም። ተደገፉ።

አንገትን ራሳችሁ ፈትሹት። አሁኑኑ፣ ይህን እያነበባችሁ። አንድ እጃችሁን ማጅራታችሁ ላይ አድርጉና በጣቶቻችሁ ከአጥንቱ ግራና ቀኝ ያሉትን ጡንቻዎች ያዙ። ጭንቅላታችሁን ከትከሻችሁ በላይ ቀጥ አድርጉት፤ ጡንቻዎቹ ለስለስ ይላሉ። አሁን አገጫችሁን ወደ ስክሪኑ ግፉ። ጣታችሁ ስር ጠንከር ሲሉ ተሰማችሁ? ጭንቅላት 5 ኪሎ ገደማ ነው። ወደ ፊት በወጣ ቁጥር እንዳይወድቅ የሚይዙት እነዚያ ሁለት ገመዶች ናቸው። አንድ አሜሪካዊ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም በ2014 ባሳተመው ስሌት፣ ጭንቅላት 60 ዲግሪ ሲያጎነብስ አንገት ላይ የሚያርፈው ጫና 27 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። ስሌት ነው፣ በሰው ላይ የተለካ አይደለም። ግን ስልክ ላይ አቀርቅረው የሚውሉ ሰዎችን ማጅራት ስነካ ለምን እንደ እንጨት እንደሚደርቅ አይገርመኝም።

መጀመሪያ መነሳት

ደንቡ አጭር ነው። በየ30 ደቂቃው ተነሱ፤ ቢያንስ 2 ደቂቃ ተንቀሳቀሱ። 5 ብታደርጉት ይሻላል። ከአንድ ሰዓት በላይ ግን ሳትነሱ አትቆዩ።

ችግሩ ደንቡን ማወቁ ላይ አይደለም። "ይቺን ልጨርስና" የምትለው ነገር ናት። ይቺን ልጨርስና ሲባል ሁለት ሰዓት ያልፋል። ስለዚህ በራሳችሁ ፍላጎት ላይ አትተማመኑ፤ ነገሩን ከሌላ ነገር ጋር እሰሩት። ስልክ ሲደወል ቆማችሁ አንሱ፣ እያወራችሁ ተንጎራደዱ። ለብዙ ሰው ይህች ብቻ የቀኑን ግማሽ ስራ ትሰራለች። ትልቁን የውሃ ጠርሙስ ከጠረጴዛው አንሱና በትንሽ ብርጭቆ ተኩት። ብርጭቆው ሲያልቅ ለመቅዳት ትነሳላችሁ፣ ውሃው ደግሞ በራሱ ጊዜ ወደ መጸዳጃ ቤት ያስነሳችኋል። ቆሻሻ መጣያውን ክፍሉ ጥግ አድርጉት። የስልኩን ቻርጀር ከመቀመጫችሁ አርቁት። ለባልደረባ መልእክት ከመጻፍ ሄዳችሁ ንገሩት። ይሄ ሁሉ ካልሆነ የስልክ ማንቂያ አለ፤ ግን ከሳምንት በኋላ ሳታዩት ማጥፋት ትለምዳላችሁና ዋናው መሣሪያ አታድርጉት።

ተነስታችሁ ምን ታደርጋላችሁ? መራመድ ከሁሉም ይበልጣል። ቦታ ከሌለ ቆማችሁ ተረከዛችሁን 20 ጊዜ ከፍ ዝቅ አድርጉ። ያ የባቱ ፓምፕ ነው። ወይም ከወንበሩ እጃችሁን ሳትደገፉ 10 ጊዜ ተነሱ፣ ተቀመጡ። ሰው ካየኝ የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ መጀመሪያ ሳምንት ያዩአችኋል፣ ከዚያ ይረሱታል።

መነሳት የማይቻልበት ጊዜ አለ። ስብሰባ፣ ረጅም ጉዞ፣ ፈተና። ያኔ የእግር ጣቶችን ወደ ላይ ሳቡ፣ ወደ ታች ግፉ፣ በየጥቂት ደቂቃው። የመቀመጫችሁን ጡንቻ አምስት ቆጥራችሁ አጥብቁ፣ ልቀቁ። ክብደታችሁን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው አዛውሩ። እግር አነባብሮ መቀመጥም ቢሆን ለትንሽ ጊዜ ምንም አይልም፤ ጎኑን ቀያይሩት እንጂ።

ለሾፌሮች ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። የኋላ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው የገንዘብ ቦርሳ ይውጣ። አንዱን መቀመጫ ከፍ አድርጎ ዳሌን ያጣምማል፣ ታፋ ውስጥ የሚያልፈውን ትልቁን ነርቭም ይጫናል። ወደ እግር የሚወርድ መደንዘዝ ይዞ የመጣን ሰው ቦርሳውን ከኪሱ ማስወጣት ብቻ ያሻለው ጊዜ አለ። ሁለተኛው፣ መንገድ ላይ በየግማሽ ሰዓቱ መቆም አይቻልምና ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ ቆማችሁ ውረዱ። መኪናውን መዞር ይበቃል።

"እኔ ማታ ጂም እሄዳለሁ" የሚል ደንበኛ አይጠፋም። መልካም ነው፣ ይጠቅማል። በ2016 ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን መረጃ ያሰባሰበ ጥናት፣ በቀን ከ60 እስከ 75 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ የሚያደርጉ ሰዎች ላይ ረጅም መቀመጥ የሚያመጣው ያለጊዜ የመሞት ተጨማሪ አደጋ እንደሚጠፋ አሳይቷል። ልብ በሉ፣ በሳምንት ሳይሆን በቀን ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው ስንቱ ነው? የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ያወጣው መመሪያ ለአዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይላል፣ በዚያ ላይ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ስራ። የመቀመጫ ሰዓትንም ቀንሱ፣ በቀላል እንቅስቃሴም ቢሆን ተኩት ይላል። በተግባር ሳየው ጂም የሚሄደው ሰው ልቡ ደህና ይሆናል፤ ስምንት ሰዓት ሳይነሳ ከዋለ ግን አንገቱ ያው ይመጣል።

ወንበሩን ከእግር ጀምራችሁ አስተካክሉ

ብዙ ሰው ከስክሪኑ ይጀምራል። ከስር ጀምሩ። መሰረቱ ካልተስተካከለ ላይኛው በየቀኑ ይበላሻል።

እግር መሬት ይርገጥ፣ ተረከዙም ጭምር። እግራችሁ ከተንጠለጠለ የወንበሩ ጠርዝ ጭንን ከስር ይበላዋል። ጠረጴዛው ከፍ ያለ ስለሆነ ወንበሩን ማውረድ የማትችሉ ከሆነ እግራችሁ ስር ጠንካራ ካርቶን ወይም ወፍራም መጻሕፍት አድርጉ። ዳሌያችሁ ከጉልበታችሁ ትንሽ ከፍ ቢል ጥሩ ነው።

ከዚያ ወደ ኋላ ግቡ። መቀመጫችሁ የወንበሩን ጀርባ እስኪነካ። አሁን በወንበሩ ጠርዝና በጉልበታችሁ ጀርባ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት ማስገባት አለባችሁ። ካልገባ ወንበሩ ለናንተ ጥልቅ ነው። አጭር ቁመት ያላቸው ሴቶች ላይ ይህን በጣም አየዋለሁ። ወደ ኋላ ቢገቡ ጠርዙ ጉልበታቸውን ይይዛል፣ ስለዚህ ጫፉ ላይ ተቀምጠው ጀርባቸው ያለ ድጋፍ ይውላል። "ለምን አትደገፊም?" ቢሏት ወንበሩ አይደርስላትም። ጀርባዋ ላይ ጠንከር ያለ ትራስ ስናደርግ ነገሩ ያልቃል።

የወገብ ድጋፍ የሌለው ወንበር ላይ ፎጣ ጠቅልሉና ከቀበቶ ከፍ ብሎ፣ ወገብ የሚሰረጉድበት ቦታ ላይ አድርጉ። ክንድ ያህል ውፍረት ይበቃል። ከበዛ ወገብን ወደ ፊት ገፍቶ ሌላ ሕመም ያመጣል። የወንበሩን ጀርባ ወደ ኋላ ዘንበል ማድረግ ከተቻለ አድርጉት፤ ከ90 ዲግሪ ወደ 100፣ 110 ሲሄድ ብዙ ሰው ይቀለዋል።

ክርን ጎናችሁ ላይ፣ ትከሻ ወርዶ፣ እጅ ኪቦርዱ ላይ። ማውዙ ኪቦርዱ አጠገብ ይጠጋ። ማውዝ ራቅ ሲል ክንድ ቀኑን ሙሉ አየር ላይ ይንጠለጠላል፣ በአከርካሪና በቀኝ ትከሻ አጥንት መካከል የምትወጋዋ ነጥብ ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው የምትመጣው። የወንበሩ ክንድ ትከሻን ወደ ጆሮ የሚገፋ ከሆነ አውርዱት፣ የማይወርድ ከሆነ ንቀሉት።

ስክሪኑ አንድ ክንድ ያህል ይራቅ፣ የላይኛው ጠርዝ በዓይናችሁ ልክ ወይም ትንሽ ዝቅ ይበል። ሩቅና ቅርብ በአንድ ሌንስ የሚያሳይ መነጽር የምታደርጉ ከሆነ ግን ስክሪኑን ከዚህም ዝቅ አድርጉት። አለበለዚያ በታችኛው የመነጽሩ ክፍል ለማየት አገጫችሁን ሽቅብ ታነሳላችሁ፣ ማጅራት ታጥፎ ይውላል። ሁለት ስክሪን ላላችሁ፣ ብዙ የምትሰሩበት ፊት ለፊት ይሁን እንጂ መሃላቸው ያለው ክፍተት አይሁን።

አሁን ማንም የማይነግራችሁን አንድ ነገር፦ ፊደሉን አሳድጉት። ሰው አንገቱን የሚያወጣው ስለሰነፈ አይደለም፣ ስላልታየው ነው። ዓይን ሄዶ ሄዶ ጭንቅላትን ይጎትታል። የስክሪኑን ጽሑፍ ከ100 ወደ 125 በመቶ አድርጉትና ጀርባችሁ በራሱ ጊዜ ወንበሩን ሲፈልግ ታያላችሁ። ካልሆነ የዓይን ምርመራ አድርጉ። በነገራችን ላይ ስክሪን ስናይ የምንርገበገበው በጣም ይቀንሳል፣ ለዚህ ነው ዓይን የሚቃጠለው። በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ያህል ራቅ ያለ ነገር ለ20 ሰከንድ ተመልከቱ።

ላፕቶፕና ስልክ

ላፕቶፕ ሲፈጠር ጀምሮ ችግር አለበት። ስክሪኑና ኪቦርዱ የተጣበቁ ናቸው። ኪቦርዱ ለእጅ ሲመች ስክሪኑ ለአንገት ዝቅ ይላል፣ ስክሪኑ ሲስተካከል እጅ ይሰቀላል። በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ የምትሰሩበት ከሆነ ላፕቶፑን መጻሕፍት ላይ ስቀሉና ሌላ ኪቦርድና ማውዝ ሰኩበት። ለመግዛት ከምታስቡት ዕቃ ሁሉ የመጀመሪያው ይህ ይሁን። ከውድ ወንበር በፊት።

ስልኩን ወደ ፊታችሁ አምጡት። ክንድ ይደክማል፤ ስለዚህ ክርናችሁን በሌላኛው እጅ ደግፉት፣ ወይም ደረት ላይ በታቀፈ ትራስ። ሲደክማችሁ ስልኩን ታስቀምጣላችሁ፣ ይኼም አንድ ጥቅም ነው። መጸዳጃ ቤት ስልክ ይዛችሁ አትግቡ። እዚያ ረጅም ሰዓት መቀመጥ ፊንጢጣ አካባቢ ያሉ ደም ስሮችን ያሳብጣል፣ ኪንታሮት ላለበት ደግሞ ይብሳል።

የተኛውን ጡንቻ መቀስቀስ

የምሰጣቸው እንቅስቃሴዎች ጥቂት ናቸው። አስራ ሁለት ዓይነት የሰጠሁት ሰው አንዱንም አይሰራም።

የመጀመሪያው አገጭን ወደ ኋላ መሳብ ነው። ተቀምጣችሁ ፊት ለፊት እያያችሁ፣ አገጫችሁን ሳታነሱና ሳታወርዱ፣ ቀጥታ ወደ ኋላ ሳቡት። ድርብ አገጭ ይወጣል፤ ከወጣ ልክ ናችሁ ማለት ነው። አምስት ቆጥራችሁ ልቀቁ። 10 ጊዜ፣ በቀን ሶስቴ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው ጣሪያ እያየ ነው። ጣት አገጫችሁ ላይ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ብትገፉት መስመሩን አትስቱም። ስትስቡ ክንድ ላይ መደንዘዝ ወይም ውጋት ከወረደ አቁሙና ባለሙያ ይያችሁ።

ሁለተኛው የዳሌ ፊት ለፊት ጡንቻ ነው። ስንቀመጥ ይህ ጡንቻ አጥሮ ይውላል፤ ከረጅም መቀመጥ በኋላ ስንነሳ ወገብ ቶሎ አልቃና የሚለው አንዱ ምክንያት እሱ ነው። አንድ ጉልበት መሬት ላይ፣ ሌላው እግር ፊት ለፊት ረግጦ፣ ተንበርከኩ። ከጉልበት ስር ፎጣ አድርጉ። ወደ ፊት ከመሄዳችሁ በፊት የተንበረከከውን እግር መቀመጫ አጥብቁ። ይህች ናት ቁልፏ። ሳታጠብቁ ወደ ፊት ብትሄዱ ወገባችሁ ይታጠፋል እንጂ ዳሌ አይሳብም። አጥብቃችሁ ትንሽ ብቻ ወደ ፊት ገፋ በሉ። ጭን አናት ላይ መሳብ ይሰማችኋል። 30 ሰከንድ፣ በየጎኑ ሁለቴ። ጉልበት የሚያመው ሰው አልጋ ጠርዝ ላይ ተኝቶ አንዱን እግር ወደ ታች አንጠልጥሎ ሊሰራው ይችላል።

ደረትን ለመክፈት በር ይበቃል። ክንዳችሁን በሩ ክፈፍ ላይ አሳርፉና አንድ እርምጃ ወደ ፊት። መቀመጫን ለመቀስቀስ በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበት አጥፎ፣ ዳሌን ከፍ ማድረግ፤ 10 ጊዜ፣ ሶስት ዙር። ያን ጊዜ ወገብ ሳይሆን መቀመጫ ይስራ፤ ወገባችሁ ላይ ከተሰማችሁ ከፍታውን ቀንሱ።

ገንዘብ ስለማውጣት

ትከሻን ወደ ኋላ የሚስብ ቀበቶ አትግዙ። በተደረገበት ሰዓት ይስባል፣ ሲወልቅ ትከሻ ወደ ድሮ ቦታው ይመለሳል፤ ለውጡን የሚያዘልቀው ጡንቻ ነው። ትልቁ ኳስ ለእንቅስቃሴ ጥሩ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ለመቀመጥ ግን ድጋፍ የለውም።

ከፍ ዝቅ የሚል ጠረጴዛ ካላችሁ ተጠቀሙበት፤ አቀማመጥ ያቀያይራል። ግን ክብደት ይቀንሳል ተብሎ ከሆነ አትልፉ። መቆም ከመቀመጥ የሚበልጠው በደቂቃ 0.15 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ስድስት ሰዓት ቢቆሙ 54 ካሎሪ መሆኑ ነው። ሙሉ ቀን መቆም ደግሞ እግር ያሳብጣል፣ ተረከዝ ያሳምማል፣ የተገተሩ ደም ስሮችን ያባብሳል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆማችሁ ተቀመጡ፣ እንደገና ተነሱ።

ሕመሙ ከመጣ በኋላ

ወገብ ድንገት ሲይዝ የመጀመሪያው ሐሳብ አልጋ ነው። አንድ ቀን ማረፍ ይቻላል፤ ሳምንት መተኛት ግን ያዘገየዋል። ሕመሙ በፈቀደው ልክ ተንቀሳቀሱ፣ አጭር አጭር እርምጃ፣ ሙቅ ውሃ የያዘ ጎማ ወገብ ላይ። አብዛኛው የወገብ ሕመም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይቀላል። ራጅም ሆነ ኤምአርአይ ለመነሳት አትቸኩሉ። ምንም የማያማቸው ሰዎች ምስል ላይም የዲስክ መውጣት በብዛት ይታያል፤ ወረቀቱ ያላችሁን ፍርሃት ከማብዛት በቀር ሕክምናውን ላይቀይረው ይችላል። ስድስት ሳምንት አልፎ ካልቀለለ፣ ወይም ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ ከሆነ ታዩ።

አንዳንዱ ምልክት ግን ለነገ አይባልም። ብልትና ፊንጢጣ አካባቢ ሲደነዝዝ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ሲያቅት ወይም ሽንት አልወርድ ሲል፣ እግር እየከዳ ሲሄድ፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው። ከወገብ ሕመም ጋር ትኩሳት ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የክብደት መቀነስ ካለም ሐኪም ይያችሁ። አንዱ ባት ብቻ አብጦ፣ ሞቆ፣ ሲነኩት የሚያም ከሆነ አታሹት፤ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፣ በዕለቱ ታዩ። በዚያ ላይ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ ሰው ይጥራላችሁ፣ ብቻችሁን መኪና ይዛችሁ አትሂዱ።